ከቢጫው ቁልል ስር ጎመን ይዘራል ወይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኮምፖስት ስናወራ አንድ አንባቢ «የማዕድን ቦታ አጠገብ ያለ አፈርስ በኮምፖስት ይድናል?» ብሎ ጠይቆ «እንደ ማዕድኑ ነው» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር። ሰዉ አልረካም። ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚሁ ላይ ነው፣ ከጆሃንስበርግ እስከ አሶሳ። ስለዚ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ሰላም ጋሼ። ጀርሚስተን ነው ምኖረው፣ ጆሃንስበርግ ዳር። ከተከራየሁት ግቢ ጀርባ ያ ቢጫ የወርቅ ማዕድን ቁልል አለ፣ ሁለት ሦስት መንገድ ቢርቅ ነው። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ጎመንና በሶብላ ልዘራ አስቤ ነበር ግን በብርዱ ወራት ዝናብ ሲጠፋ አፈሩ ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ይወጣል። ጎረቤቴ ምንም አይልም ትላለች፣ እሷ ስፒናች ዘርታ ትበላለች፣ ጥሩ አድርጎም ይበቅልላታል። ምን ይሉኛል? — ቲ.

እህቴ ጎመኑን እዛው አፈር ላይ አትዝሪው። ሌላ መንገድ አለ፣ እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ያ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዛ ላይ ነው ያለው።

እናንተ አገር ወርቁ የተገኘው በ1886 ነው። ከ1890 ጀምሮ ድንጋዩን ፈጭተው በሳያናይድ (ወርቅ በሚያሟሟ መርዝ) ወርቁን ሲያወጡ የቀረውን ዱቄት እየቆለሉ እየቆለሉ ዛሬ ጆሃንስበርግ ዙሪያ ከ200 በላይ እንዲህ ዓይነት ቁልል አለ፣ አንድ ላይ ቢደመር ወደ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ይሸፍናል። ዱቄቱ ውስጥ ፓይራይት የሚባል ማዕድን አለ፣ ወርቅ መስሎ ሚያብረቀርቀው እና ብዙ ጀማሪ ቆፋሪ ያሞኘው ማለት ነው። የተሠራው ከብረትና ከድኝ ነው። መሬት ውስጥ እያለ አየር ስለማያገኘው ማንንም አይነካም፣ ተፈጭቶ አየርና ውሃ ሲያገኝ ግን ድኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል (አዎ ያው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው)፣ ብረቱ ደግሞ ይዝግና ያን ቢጫ ቀለም ይሰጠዋል። ቁልሉ ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው እንጂ ወርቅ ቀርቶበት አይደለም፣ ማለቴ ትንሽ ቀርቶበታል፣ ለዛም ነው አንዳንዱን ቁልል አሁን እንደገና እያጠቡ ያሉት፣ ግን ቀለሙ የወርቅ አይደለም።

ነጩ ነገር ጨው ነው፣ የምንበላው ሳይሆን ከዛ አሲድ የመጣ የሰልፌት ጨው። አብዛኛውን ጊዜ ጂፕሰም ሆኖ ከሱ ጋር ሌሎች ብረቶችም ይወጣሉ። በደረቁ ወራት ፀሐይ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ትስበዋለች፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው ላይ ላዩን ይቀራል። ከዛ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሟሟና አፈሩ አሲድ ይጠጣል። ዘር የሚዘራው ደግሞ ልክ በዛን ሰዓት ነው።

አፈር አሲድ ሲገባበት ወዲያው አይበላሽም። ቁጠባ እንዳለው ሰው ነው፣ መጀመሪያ ያለውን ኖራ ያወጣል፣ ያ ሲያልቅ ሸክላው ላይ የያዛቸውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ያወጣል፣ ፒኤቹም (የአሲድ መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) እስከዛ ድረስ ብዙም ሳይነቃነቅ ይቆያል። ሁሉም ሲያልቅ ባንዴ ይወርዳል። ከዛ ሸክላው ራሱ መፍረስ ይጀምርና አሉሚኒየም ይለቃል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ሥርን ያሳጥራል ያደነዝዛል። ስለዚ «ሃያ ዓመት ምንም አልሆነም» የሚል ሰው ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ግን ማስረጃም አይደለም። ፒኤች ሲባል ደግሞ ቁጥሩ አያታልላችሁ፣ ከ6 ወደ 5 መውረድ ማለት አሲዱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው፣ ወደ 4 ከወረደ 100 እጥፍ።

አፈር ውስጥ ያለ ዚንክ፣ መዳብ፣ ኒኬል፣ ካድሚየም (እነዚህንም ጠቅልዬ ብረት እላቸዋለሁ) ፒኤቹ 7 አካባቢ ሲሆን አብዛኛው ከሸክላና ከዝገት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ፒኤቹ ሲወርድ ይለቃል፣ ወደ ውሃ ይገባል፣ ሥሩ ይጠጣዋል። የብረቱ መጠን አልጨመረም፣ ያው ነው፣ መልኩ ነው የተቀየረው። እናንተ ጋ ያለው ቁልል ላይ ዩራኒየምም አለበት፣ እሱም በአሲድ ይሟሟል።

የጎረቤትሽን ስፒናች በተመለከተ፣ በደንብ መብቀሉ ምንም አይነግረንም። ዚንክና መዳብ ሲበዙ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ተክሉ ራሱ ይቀጭጫል፣ ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው። ካድሚየም ግን እንዲህ አያደርግም፣ ተክሉ አረንጓዴ ሆኖ እያማረበት ቅጠሉ ውስጥ ለሰው ኩላሊት ማይሆን መጠን ሊከማች ይችላል። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከፍሬ ይልቅ ይሰበስባል፣ ስፒናች ከባሰባቸው አንዱ ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ከእንጨት ወይ ከብሎኬት መደብ ሥሪ፣ ከስር ወፈር ያለ ጨርቅ አንጥፊ፣ ንጹህ አፈርና ኮምፖስት ከሩቅ ገዝተሽ ሙዪው፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በቧንቧ ውሃ አጠጪ፣ በጉድጓድ ወይ በጅረት ውሃ አይሆንም። ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ ግን መደብም አያግደው፣ ስለዚ ቅጠሉን ደጋግመሽ እጠቢ። እንደ እርሳስ ያለ ብረት እኮ ብዙውን ጊዜ በሥር ገብቶ ሳይሆን አቧራ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ነው ሆድ ውስጥ ሚገባው። ልጆች ካሉሽ ከጎመኑ በላይ ያሳስበኝ የነበረው እሱ ነው፣ አፈር ላይ ተጫውተው እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ሚከቱ። ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ቃሪያና ቲማቲም ከጎመን ይሻላሉ፣ በሶብላውን ደግሞ በማሰሮ አድርገሽ መስኮት ላይ አሳድጊው፣ እሱ ምን ቦታ ይፈልጋል።

የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነኝ ጅማ። መምህራችን አሲዱን ሚሠራው ኬሚስትሪው ሳይሆን ባክቴሪያ ነው አለን። ባክቴሪያ አፈርን ያለማል ተብለን አይደል እንዴ ያደግነው? — ሀ.

መምህርህ ልክ ነው፣ ትንሽ ግን አሳጥሮታል። ኬሚስትሪው ይጀምረዋል፣ ባክቴሪያው ያስሮጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይራይትን ከኦክስጅን ይልቅ በደንብ ሚበላው ፌሪክ የሚባለው የብረት ዓይነት ነው። ፌሪክ ፓይራይቱን ሲበላ ራሱ ወደ ፌረስ ይቀየራል፣ ሥራውን ለመቀጠል እንደገና ፌሪክ መሆን አለበት። አሲድ ውስጥ ይሄ ለውጥ በራሱ እጅግ ዘገምተኛ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል። እዚህ ጋ ነው አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ የሚባለው ፍጥረት ሚገባው። ከፌረስ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ ምግቡ እሱ ነው፣ ካርቦኑን ከአየር ይወስዳል፣ ፀሐይ አይፈልግም፣ ሌላ የሚበላ ነገር አይፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በ1947 አሜሪካ ውስጥ ከከሰል ማዕድን ከሚወጣ አሲዳም ውሃ ነው። በ1970 ሲንገርና ስታም የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባክቴሪያ ሲኖር ይሄ ለውጥ እስከ 1 ሚሊዮን እጥፍ እንደሚፈጥን አሳዩ። 1 ሚሊዮን! ማለትም ዓመታት ሚፈጀው ነገር ደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

እስከየት ይሄዳል ብትለኝ ካሊፎርኒያ ውስጥ አይረን ማውንቴን የሚባል የድሮ ማዕድን አለ፣ እዛ ዋሻ ውስጥ የተለካው ፒኤች ከዜሮ በታች ነው፣ −3.6። ትምህርት ቤት ከ0 እስከ 14 ነው ብለው ያስተማሩን ነገር ለእለት ኑሮ ይበቃል እንጂ ተፈጥሮ እንደዛ አላለችም። እዛው ማዕድን ውስጥ ፌሮፕላዝማ የሚባል የሴል ግድግዳ እንኳን የሌለው አርኪያ (ባክቴሪያ የሚመስል ግን ሌላ ዘር የሆነ ረቂቅ ፍጥረት) ይኖራል፣ ፒኤች ዜሮ አካባቢ፣ ተመችቶት።

«አፈርን ያለማል» ያልከውም ውሸት አይደለም፣ እነዚያ ሌሎቹ ናቸው፣ እና ችግሩ እነሱ ላይ ነው የሚደርሰው። ብረትና አሲድ ወደ ጤነኛ አፈር ሲገባ መጀመሪያ ብዙ ሕዋስ ይሞታል፣ የተረፉት የሞቱትን ይበላሉ፣ ለዛ ነው ለትንሽ ጊዜ አፈሩ የባሰ «ሚተነፍስ» መስሎ ሚታየው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይወጣል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያየ ሰው አፈሩ ጤነኛ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ከዛ ቁጥሩ ይወርዳል። የቀሩት ደግሞ ሚበሉትን ለማደግ ሳይሆን ብረቱን ከውስጣቸው ፓምፕ አድርጎ ለማስወጣት ነው ሚያውሉት፣ ስለዚ ብዙ ይበላሉ ትንሽ ያድጋሉ። ቅጠል አይበሰብስም፣ እንዲሁ እየተከመረ ይቀራል፣ እንግሊዝ አገር አቮንማውዝ የሚባል የዚንክ ማቅለጫ አጠገብ ያለ ጫካ ውስጥ የወደቀው ቅጠል ሳይፈርስ ወፍሮ ተነጥፎ ነበር ምክንያቱም የሚያፈርሱት ፈንገስና ትላትሎች ቀንሰዋል። አሞኒያን ወደ ናይትሬት ሚቀይሩትም ቶሎ ይጎዳሉ።

እኔን ግን ሁልጊዜ ሚገርመኝ የባቄላውና የአተሩ ነገር ነው። ሥራቸው ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች ታውቃቸዋለህ፣ ናይትሮጅን ከአየር ሚይዙት ሪዞቢየሞች እዛ ነው ሚኖሩት። እንግሊዝ አገር ዎበርን የሚባል የእርሻ ሙከራ ጣቢያ ከ1942 እስከ 1961 ድረስ ብረት የበዛበት የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ እንደ ማዳበሪያ ይበተን ነበር፣ ማዕድን አይደለም ግን ብረቱ ያው ብረት ነው፣ መበተኑ ካቆመ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲያዩት ነጭ ክሎቨር የሚባለው የመኖ ተክል እብጠት ያወጣል ግን ናይትሮጅን አይይዝም። ምን ሆነ? ጥሩዎቹ ሪዞቢየሞች ሞተው ብረት የሚችል ግን ሥራ ማይሠራ አንድ ዓይነት ብቻ ቀርቷል። እብጠቱን አይቶ የተደሰተ ገበሬ ተታለለ ማለት ነው። እኛ አገር የሽሮውን ነገር ለምናውቅ ይሄ ቀላል ወሬ አይደለም፣ ባቄላው መሬቱን ያድሳል ተብሎ ነው እኮ ሚዘራው።

የሚችሉትም አሉ። ቤልጅየም ውስጥ ከዚንክ ፋብሪካ ገንዳ በ1976 የተገኘው ኩፕሪያቪደስ ሜታሊዱራንስ ብረት የሚችልበትን ጂን ከዋናው ዲኤንኤ ውጭ ባሉ ትልልቅ ፕላዝሚዶች (ለብቻቸው ያሉ የዲኤንኤ ቁራጮች) ላይ ይዞ ይዞራል። የሚሟሟ ወርቅ ሲያገኝ ደግሞ ስለሚመርዘው ወደ ጠጣር ወርቅ ቀይሮ ይጥለዋል፣ በወርቅ እንክብሎች ላይ ተለጥፎ ያገኙት አውስትራሊያ ውስጥ ነው። አሁን ደግሞ ይሄን ያነበበ ሰው ሁሉ ባክቴሪያ ሊያረባ ነው፣ ተዉ፣ መጠኑ በዓይን አይታይም።

አባቴ አዊ ዞን ባንጃ ገበሬ ነው። አፈሩ አሲዳማ ነው ተብሎ ኖራ ሰጥተውት በትኖ ስንዴው ተሻሽሎለታል። ታዲያ የማዕድን ቆሻሻውም አሲድ ከሆነ ለምን ያንኑ ኖራ በትነው አይገላገሉም? — የገበሬ ልጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሁሉም በላይ የወደድኩት እሱን ነው። ኖራ ዋናው መድኃኒት ነው፣ ልክ ነህ። ሁለት ነገር ግን ይለየዋል።

አንደኛ የአባትህ መሬት አሲድ የሆነው ዝናቡ ለብዙ ዘመን ካልሲየሙን አጥቦ ስለወሰደውና ሰብሉም እየተሰበሰበ ስለሄደ ነው። አሲዱ አለ፣ ይለካል፣ ኖራ ታገባለህ፣ ለጥቂት ዓመት ትገላገላለህ። የማዕድን ዝቃጭ (ማዕድኑ ወጥቶለት የቀረው ዱቄት) ግን ዛሬ ከለካኸው አሲድ ሌላ ገና ያልተወለደ አሲድ ተሸክሟል፣ ያልዛገው ፓይራይት። መሐንዲሶቹ ሒሳብ አላቸው፣ በ1 ቶን ድንጋይ ውስጥ 1 በመቶ የፓይራይት ድኝ ካለ ያንን ለማክሸፍ 31 ኪሎ ገደማ ንጹህ የኖራ ድንጋይ ይፈልጋል። አንድ ሄክታር መሬት የሚታረሰው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ክብደቱ 2,000 ቶን ገደማ ነው ብንል ከ60 ቶን በላይ ኖራ ማለት ነው። አባትህ የበተነው ጥቂት ቶን ነው። ያንን አባዛው። የኖራ ድንጋዩ ደግሞ ዱቄት ሳይሆን ጠጠር ከሆነ ዝገት ይለብስና ሥራ ያቆማል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ሰዉም ሚረሳው እሱን ነው። ዚንክ፣ መዳብ፣ ካድሚየም፣ እርሳስ ፒኤች ሲጨምር ይረጋሉ። አርሰኒክ ግን ተቃራኒው ነው፣ ፒኤች በጣም ከፍ ሲል ከዝገቱ ላይ ይለቃል። ወርቅ ያለበት ድንጋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አርሰኒክ አይጠፋውም። ፎስፌት ማዳበሪያም ከበተንክበት ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ፎስፌቱ አርሰኒኩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ውሃ ተኝቶበት አየር ካጣ ደግሞ በአየር ፈንታ ዝገት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች (ጂኦባክተር ምናምን) ዝገቱን ራሱን ያሟሙትና አርሰኒኩ አብሮ ይወጣል። ስለዚ «ኖራ በትን» ብሎ ነገር ሳይለኩ አይባልም።

ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። ደቡብ ስፔን ውስጥ አስናልኮያር የሚባል የማዕድን ግድብ ሚያዝያ 1998 ተደርምሶ የፓይራይት ዝቃጭና አሲዳም ውሃ ጓዲያማር ወንዝን ተከትሎ ከ4,000 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ዶኛና የሚባለው ታዋቂ የወፎች ፓርክ ደጃፍ ድረስ። እነሱ ምን አደረጉ? መጀመሪያ ዝቃጩን ከላይኛው አፈር ጋር ጠርገው አነሡ፣ በጭነት መኪና። ከዛ የስኳር ቀይ ሥር ፋብሪካ ሚጥለውን ኖራ አገቡ፣ ዝገት የበዛበት ቀይ ሸክላም ጨመሩ፣ ይሄኛው ለአርሰኒኩ ነው፣ ዝገቱ እንዲይዘው፣ ኮምፖስትም አለበት። እርሻ ተከለከለ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ዛሬ አረንጓዴ ኮሪደር ይሉታል። እንደዛም ሆኖ ዝቃጩ በደንብ ያልተጠረገበት ቦታ ላይ ከዓመታት በኋላም ሣር ማይበቅልባቸው ራሰ በራ ቦታዎች ቀርተዋል፣ የተረፈው ፓይራይት ቀስ እያለ አሲዱን ስለሚያመርት። ሀብታም አገር፣ ብዙ ገንዘብ፣ ወዲያው የተጀመረ ጽዳት፣ ውጤቱ ይሄ ነው።

እኛ አሶሳ አካባቢ ደለል ወርቅ ነው ምናጥበው። ሜርኩሪ እንጠቀማለን፣ ሁሉም ይጠቀማል። ከወርቁ ጋር ካጣበቅነው በኋላ በእሳት እናተነዋለን። ጢሱ ለሳንባ መጥፎ ነው ይላሉ፣ እሺ፣ ግን ጢሱ ከሄደ በኋላ መሬቱ ላይ ምን ይቀራል? — ወርቅ አጣቢ

ወንድሜ ጢሱ ሁሉ አይሄድም። ከፊሉን ትተነፍሰዋለህ፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ እዛው አካባቢ ይወርዳል፣ ጣራ ላይ፣ ጓሮ ላይ፣ እህል ላይ። ቤት ውስጥ ሚያቃጥል ካለ ዛሬውኑ ይተው፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይ ሕፃን ያለበት ቤት። ይሄን መጀመሪያ ያልኩት ከአፈሩ ስለሚቀድም ነው።

አፈር ላይ የወረደው ሜርኩሪ ሁለት ዕድል አለው። አንዳንድ ባክቴሪያ ሜርኩሪ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ስላለው መርዙን ወደ ተራው ሜርኩሪ ቀይሮ እንደ ጋዝ ወደ አየር ይሸኘዋል፣ ለራሱ ብሎ ነው፣ ለኛም ትንሽ ይጠቅማል። ሌላው ግን ክፉ ነው። አየር የሌለበት ጭቃ ውስጥ፣ ሰልፌት የሚተነፍሱና ዝገት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪውን ሜቲል ሜርኩሪ ያደርጉታል። ይሄ ነው ነርቭን ሚበላው፣ ይሄ ነው ዓሣ ውስጥ ሚከማቸው፣ ጃፓን ሚናማታ ላይ በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታ ምክንያቱ እሱ ነው። ባክቴሪያዎቹ ይሄን ሚሠሩበት ሁለት ጂን የታወቀው በ2013 ነው፣ ገና ቅርብ ጊዜ።

እንግዲህ አየር የሌለው ጭቃ የት ነው ሚገኘው? እናንተ ቆፍራችሁ ትታችሁት የሄዳችሁት ጉድጓድ ውስጥ! ክረምት ውሃ ይሞላዋል፣ ቅጠል ይገባበታል፣ ታችኛው ጭቃ አየር ያጣል፣ የታጠበው አፈር ሜርኩሪ አለበት፣ በቃ ፋብሪካ ሠርታችኋል። ስለዚ ለአፈሩ ልታደርጉ ምትችሉት ትልቁ ነገር ጉድጓዱን መልሶ መሙላት ነው፣ ወባም ይቀንስላችኋል።

ሜርኩሪውን አሁኑኑ ተዉ ብል እንደማትተዉ አውቃለሁ፣ የምትኖሩበት ነው። ቢያንስ ግን ጥሬው አፈር ላይ በጅምላ አትጨምሩ፣ አጥባችሁ አጥባችሁ ገበቴው ስር የቀረችው ጥቁር አሸዋ ላይ ብቻ ጨምሩ፣ ስታተኑት ደግሞ ሪቶርት በሚባለው የተዘጋ ዕቃ አድርጉት፣ በደንብ ከተሠራ አብዛኛው ሜርኩሪ ተመልሶ ይያዛል፣ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ገንዘብም ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ቦራክስ በሚባል ጨው ብቻ ወርቅ ሚያቀልጡ አጣቢዎች አሉ፣ ከኛም የሚሞክር ቢኖር ደስ ይለኛል።

በሜርኩሪ የታጠበውን አፈር ለሳያናይድ ሰዎች የምትሸጡ ካላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ሳያናይድ ወርቁን ብቻ አይደለም ሚያሟሟው፣ ሜርኩሪውንም ያሟሟዋል፣ ከዛ ከውሃው ጋር ይጓዛል። ሚናማታ ተብሎ በተሰየመው ከ2017 ጀምሮ በጸናው ዓለም አቀፍ ስምምነት ላይ አገሮች እንዲያስቀሩ ከተዘረዘሩት አራት መጥፎ አሠራሮች አንዱ ይሄው ነው። ድንጋይ ወርቅ ምትፈጩ ሰዎች ደግሞ የእህል ወፍጮ አትጠቀሙ፣ በፍጹም። ሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ በ2010 የወርቁ ድንጋይ እርሳስ ነበረበት፣ በእህል ወፍጮና ግቢ ውስጥ ሲፈጩት አቧራው ከ400 በላይ ሕፃናት ገደለ።

ልጅነቴን ጉጂ ነው ያሳለፍኩት፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ጉጂ ሰው ሁሉ ሚፈራው ሳያናይድን ነው። አፈር ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል? — የሻኪሶ ልጅ

ሰዉ መፍራቱ ምክንያት አለው። እዛው ጉጂ ያለው የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በ2018 ግንቦት ላይ የታገደው ነዋሪው ስለ ጤናውና ስለ ከብቱ ተቃውሞ ካሰማ በኋላ ነበር፣ ሥራው በ2021 እንደገና ጀመረ። ኬሚስትሪውን ስትጠይቀኝ ግን ሳያናይድ ገዳይ ቢሆንም አፈር ላይ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ፋብሪካው ውስጥ በኖራ ፒኤቹን ከ10 በላይ አድርገው ነው ሚይዙት፣ ከ9 በታች ሲወርድ አብዛኛው ጋዝ ሆኖ ይበናል፣ ፀሐይም ይሰብረዋል፣ ባክቴሪያም ይበላዋል፣ ካርቦንና ናይትሮጅን ስለሆነ ለነሱ ምግብ ነው። አሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ሆምስቴክ የሚባለው የወርቅ ማዕድን ከ1984 ጀምሮ ፍሳሹን ሚያጸዳው በባክቴሪያ ነበር። ጥልቅ የተቀበረው ወይ ከብረት ጋር የተሳሰረው ግን ቶሎ አይሄድም።

ትልቁ አደጋው ግድብ ሰብሮ ባንዴ ወንዝ ሲገባ ነው። ሮማኒያ ባያ ማሬ ላይ በጥር 2000 መቶ ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ የሳያናይድ ውሃ ፈስሶ እስከ ቲሳና ዳኑብ ወንዝ ድረስ ዓሣ ጨርሷል። ለአፈርህ ከጠየቅከኝ ግን እኔ ምፈራው ሳያናይዱ ሄዶ የቀረውን ነው። ዝቃጩ ሲጣል በኖራው ምክንያት አልካላይ ነው፣ ለካን ጤነኛ ነው ይሉሃል፣ ልክም ናቸው፣ ያን ቀን። ፓይራይት ካለበት ኖራው ከዓመታት በኋላ ያልቅና ወደ አሲድ ይዞራል፣ ልክ የጀርሚስተኗ እህታችን ቁልል እንደሆነው። ስለዚ ሰፈሩ መጠየቅ ያለበት «ሳያናይድ አለ ወይ» ብቻ ሳይሆን «ዝቃጩ ውስጥ ድኝ ስንት ነው፣ አርሰኒክ ስንት ነው፣ ሥራው ሲያልቅ በምን ትሸፍኑታላችሁ» ነው።

ባህር ዛፍ ወይ ቬቲቨር ሣር ብንተክልበት ብረቱን መጦ አይጨርሰውም? — ብዙዎች

አይጨርሰውም። ብረት የሚሰበስቡ ተክሎች አሉ፣ ለምሳሌ ቴሪስ ቪታታ የሚባለው ፈርን አርሰኒክን በጣም ይሰበስባል፣ ይሄ በ2001 ነው የታወቀው፣ ግን የእውነት የተበከለ መሬት ላይ ስታሰላው አሥርት ዓመታት ነው፣ ያጨድከውን ደግሞ የት ትጥለዋለህ? ቬቲቨርን ግን ለሌላ ሥራ እወደዋለሁ። ሥሩ ረጅም ነው፣ አሲድም ብረትም ይችላል፣ ብረቱን አብዛኛውን ሥሩ ላይ ያስቀረዋል፣ አቧራውንና ጎርፉን ይይዛል። መሬቱን አያጸዳም፣ ባለበት ያቆየዋል። ባህር ዛፍን ደቡብ አፍሪካዎቹ ከቁልሉ ስር ሚወጣውን ውሃ እንዲጠጣላቸው ይተክሉታል፣ ለዛ ይሆናል። ከብት ግን አይሰማራበት፣ እንጨቱንም ለማገዶ ከማዋል በፊት ይመርመር።

አፈሬ በሕይወት እንዳለ በቤቴ እንዴት አውቃለሁ? ላብራቶሪስ ምን ብዬ ልጠይቅ? — ወ/ሮ መ.

እትዬ፣ ከአሮጌ ነጠላ ንጹህ ጥጥ የሆነ ቁራጭ ይቅደዱና 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይቅበሩት፣ ሌላውን ደግሞ ጥሩ ከሆነ የጎረቤት አፈር ውስጥ። እርጥበት ባለበት ወቅት ይሁን። ሁለት ወር ያህል ቆይተው ሲያወጡት የጎረቤትዎ ተበጣጥሶ የእርስዎ እንዳለ ከሆነ ሚያበሰብሱት ነገሮች ችግር ላይ ናቸው። ተበጣጠሰ ማለት ግን ለመብላት ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ካድሚየም እያለም ጥጥ ሊበሰብስ ይችላል።

ላብራቶሪ ሲሄዱ «አፈር መርምሩልኝ» ብቻ ካሏቸው ፒኤች፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለክተው ይሸኝዎታል፣ ለእርሻ የተለመደው እሱ ነው። ስለዚ ብረቶቹን በስም ይጥሩ፣ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሰኒክ፣ ወርቅ አካባቢ ከሆነ ሜርኩሪም። ለካድሚየምና ለእርሳስ ሁለት ቁጥር ይጠይቁ፣ ጠቅላላውን እና ተክል ሊወስደው የሚችለውን (ዲቲፒኤ በሚባለው ዘዴ ያወጡታል)፣ ሁለተኛው ነው ጎመኑ ውስጥ ሚገባውን ሚጠቁመው፣ ልጅ አፈር ከነካ ግን ጠቅላላውም ይቆጠራል። ናሙናውን ከአንድ ቦታ አይውሰዱ፣ ከግቢው አሥር አሥራ አምስት ቦታ ትንሽ ትንሽ፣ በፕላስቲክ ማንኪያ፣ በአንድ ንጹህ ባልዲ ደባልቀው ግማሽ ኪሎ ያህል። ያ ነጭ ጨው የሚወጣበት ቦታ ካለ እሱን ለብቻው ይያዙት፣ ከሌላው ጋር አይደባልቁት።